ከጋዝ ወደ ከሰል፦ በጓሯችን ሥጋ ለመጥበስ የትኛው ይሻላል?

ባለጓሮው (ለገጣፎ)፣ ቅዳሜ ረፋድ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ ጠባብም ብትሆን ጓሮ አለችኝ። እስካሁን ሥጋ የምጠብሰው ዘመድ ከውጭ ባመጣልኝ የጋዝ ግሪል ሲሆን፣ የማገናኘውም ከባለ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር ጋር ነው። ዕቃው ንጹሕና ለአያያዝ ምቹ መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ጋዝ በሚጠፋበት ሰሞን ባዶ ሲሊንደር ጭኖ ከአከፋፋይ አከፋፋይ መዞሩ አሰልችቶኛል። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽቶች ደግሞ ሲሊንደሩ ገና ግማሽ እያለ ነበልባሉ እየሰለለ ይሄድና ሥጋው መጠበሱ ቀርቶ በራሱ ውኃ ይቀቀላል። ከሁሉም በላይ፣ እሑድ የሚሰበሰበው ቤተ ዘመድ ሥጋ ቤት በከሰል ተጠብሶ የሚቀርብለትን ጣዕም ከእኔ ግሪል እንደማያገኝ ሳይሸሽግ ይነግረኛል።

ስለዚህ ወደ ከሰል ለመዞር አስቤያለሁ። ከዚያ በፊት ግን ልምዱ ያላችሁን ልጠይቅ። የጣዕሙ ልዩነት በእርግጥ ከከሰሉ የመጣ ነው ወይስ ከሥጋውና ከባለሙያው? መጥበሻውን ባሠራው ይሻላል ወይስ ብገዛው? ምን ዓይነት ከሰል ልያዝ? በክረምት ዝናቡ ሲበረታ ከጓሮ ወደ ማድ ቤት ማስገባትስ ይቻል ይሆን? ማድ ቤታችን ከዋናው ቤት የተለየ፣ በቆርቆሮ የተሠራ፣ አንድ መስኮት ያለው ነው።


የሰንዳፋው መንገደኛ፣ ቅዳሜ ከቀትር በፊት

ወንድሜ፣ ከጣዕሙ በፊት የሲሊንደሩን ነገር ላንሣ፤ ጋዝዎን ጨርሰው ከመጣልዎ በፊት ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅምዎታልና።

ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በግፊት ፈሳሽ የሆነ የቡቴንና የፕሮፔን ቅልቅል ነው። ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ብርድ እንኳ ይተናል፤ ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ትነቱ ይገታል። ፈሳሹ ሲተን ሙቀት የሚወስደው ከራሱና ከብረቱ ስለሆነ፣ ምድጃዎቹ ሁሉ ተከፍተው ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ ሲሊንደሩ በዙሪያው ካለው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ከወገቡ በታች እጅዎን ቢያሳርፉበት ፈሳሹ የቆመበትን ልክ በቅዝቃዜው ለይተው ያውቁታል፤ አንዳንዴም ጤዛ ይይዛል። በዚያ ላይ ፕሮፔኑ ቀድሞ ስለሚተን ሲሊንደሩ እየጎደለ በሄደ መጠን የሚቀረው በአብዛኛው ቡቴን ነው። ግማሽ ላይ ሲደርስ ነበልባሉ የሚሰልለው በዚህ ምክንያት ነው። የብርድ ምሽት ግብዣ ሲኖርዎ በሞላ ሲሊንደር ይጀምሩ፤ በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ከማቆምም በጣውላ ላይ ያኑሩት። ይሞቃል ብሎ ወደ እሳት ማስጠጋት ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነገር ነው።

«በራሱ ውኃ ይቀቀላል» ያሉትም ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ኪሎ ጋዝ ሲቃጠል አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ውኃ በተን መልክ ይወጣዋል። ነበልባሉ ደካማ፣ ክዳኑም የተዘጋ ከሆነ የሥጋው ገጽ ቶሎ አይደርቅም፤ ያልደረቀ ሥጋ ደግሞ አይቀላም። ከሰል ከሞላ ጎደል ካርቦን በመሆኑ የሚያወጣው ተን ጥቂት፣ ሙቀቱም ደረቅ ነው።


ፍም (አያት)፣ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ

የጣዕሙን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ብዙ ሰው ጣዕሙ ከከሰሉ ጢስ የሚመጣ ይመስለዋል። በሚገባ የከሰለ ከሰል ግን አንዴ ነዶ ፍም ከሆነ በኋላ የራሱ የሆነ ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ሽታው ያለው ገና ሲቀጣጠል ነው፤ እርሱም የሚወደድ አይደለም። ያን የምንወደውን መዓዛ የሚፈጥረው ጮማው ነው። ከጎድኑ ላይ የቀለጠ ጠብታ ፍሙ ላይ ሲያርፍ «ጭስ» ብሎ ይተናል፤ ተኑ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣና ሥጋው ላይ ይቀመጣል። ጋዝ ግሪል ላይ ያው ጠብታ የሚያርፈው ምድጃውን በሸፈነው ብረት ላይ ነው። ያም ብረት የጋለ ነው፤ ነገር ግን በደንብ ከቀላ ፍም ጋር የሚወዳደር ሙቀት የለውም። ፍሙ ደግሞ ሙቀቱን በአየር በኩል ብቻ ሳይሆን በጨረር መልክ በቀጥታ ወደ ሥጋው ይልካል፤ ለዚህም ነው ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ ቶሎ የሚቀላው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ልብ ይበሉ። ጮማ የሌለውን ጭቅና በከሰልም ይጥበሱት በጋዝ፣ ዓይን ተሸፍኖ ቢቀርብ ልዩነቱን የሚለይ ሰው ጥቂት ነው። ሻኛ፣ የበግ ጎድን ወይም ጮማ ያልተራቆተ ሽንጥ ከሆነ ግን ልዩነቱ የማያከራክር ይሆናል። ከሥጋ ቤት የምንገዛው ሥጋ የዕለት እርድ በመሆኑና በሬውም ብዙ ጊዜ ሲያርስ የኖረ በመሆኑ፣ በውጭ አገር ቪዲዮ እንደምናየው እንደ ጡብ ወፍራም ቆርጦ መጥበስ አያዋጣም። ዝልዝል አባቶቻችን በከንቱ የመረጡት አቆራረጥ አይደለም።

ጠብታው ሲበዛ ግን ፍሙ ይንበለበላል፤ ሥጋውም በጥላሸት ይጠቁራል። ለዚህ መድኃኒቱ ከሰሉን በመጥበሻው ወርድ ሁሉ አለመበተን ነው። ፍሙን ወደ አንድ ጎን ሰብስበው ሌላውን ጎን ባዶ ይተዉት። ሥጋውን በፍሙ በኩል ያቀሉታል፤ እሳቱ ሲነሣ ወደ ባዶው በኩል ያሸሹታል፤ ወፍራም የሆነውንም በዚያው በኩል ቀስ ብሎ እንዲበስል ይተዉታል። በጋዝ ቁልፍ በማዞር የሚያደርጉትን ሁሉ በከሰል የሚያደርጉት ሥጋውን ከቦታ ቦታ በማዘዋወር ነው። የጠቆረውን ክፍል ደግሞ ቆርጠው ይጣሉት እንጂ አይብሉት፤ ለጤና አይበጅም።


በያጁ (ገላን)፣ ቅዳሜ ማምሻውን

መሥራት ወይስ መግዛት ለሚለው፣ የሙያዬ ነገር ስለሆነ አድልዎ ቢታይብኝ አይፍረዱብኝ፤ ያሠሩት።

ባለ 200 ሊትር በርሜል በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ አንዱ ግማሽ መጥበሻ ሌላው ክዳን ሆኖ በማጠፊያ ሲያያዝ ለዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ይወጣዋል። ዋናው ጥንቃቄ በርሜሉ ቀድሞ ምን ይዞ እንደነበር ማወቅ ላይ ነው። የምግብ ዘይት የነበረበት ይመረጣል፤ የኬሚካል ወይም የፀረ ተባይ መድኃኒት ከሆነ በነጻም ቢሰጡዎ አይቀበሉ። በርሜሉ ባዶ ቢመስልም ውስጡ የቀረ ተን ከብየዳ እሳት ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ በውኃና በሳሙና ሳይታጠብና መክደኛው ሳይነቀል ማንም ሰው እንዲቆርጠው አይፍቀዱ። ከተሠራ በኋላ ምግብ ከመቅረቡ በፊት ውስጡ በብርቱ እሳት መቃጠል አለበት፤ የቀለሙና የዘይቱ ቅሪት የሚለቅቀው በዚያ ነው።

ፍርግርጉን ከ8 ሚሊሜትር ፌሮ አስበይዱት። ዚንክ የተለበጠ ሽቦ ወይም ቱቦ ርካሽ ስለሆነ የሚያቀርብልዎ ይኖራል፤ ዚንክ በፍም ላይ ሲግል የሚያወጣው ጢስ መርዛማ ነውና እምቢ ይበሉ። ከሥጋው ፍርግርግ በታች አንድ ተጨማሪ የከሰል ፍርግርግ ያስፈልጋል፤ ከሰሉ በርሜሉ ወለል ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ አመዱ ያፍነዋል። ከከሰሉ እስከ ሥጋው አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ይተዉ።

አሁን ሰው የሚዘነጋውን ልንገርዎ፤ አየር ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያሉ ስለሆኑ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ብቻ ነው። እሳት በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ያንሳል። ስለዚህ የውጭ አገር ንድፍ የሚያዝዘውን የአየር ቀዳዳ እንዳለ መቅዳት አይበቃም፤ ከታች በሁለቱም ጎን ሰፋ ያሉ፣ በላሜራ ተንሸራታች የሚከፈቱና የሚዘጉ ቀዳዳዎች፣ ከክዳኑም በላይ አጭር ጭስ ማውጫ ይኑረው። የከሰል መጥበሻ ቁልፉ እነዚህ ቀዳዳዎች ናቸው፤ ሲከፍቱ ይግላል፣ ሲያጠብቡ ይረግባል፣ ሁሉንም ሲዘጉ ይጠፋል። ክዳን ያስፈልጋል ወይ ለሚሉም፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ አካባቢ በአንድ ብረታ ብረት ድርጅት ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን የውኃ ላይ ምልክት ለሚሆን ተንሳፋፊ የተዘጋጀ ክብ ብረት ወስዶ ዛሬ በዓለም የሚታወቀውን ባለ ክዳን መጥበሻ የሠራው፣ ነፋሱ አላስጠብስ ስላለው ነው ይባላል። የለገጣፎን የከሰዓት በኋላ ነፋስ እርስዎ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።


የሱሉልታው፣ ቅዳሜ ማምሻውን

ስለ ነፋሱ በያጁ እውነቱን ነው። እኛ ዘንድ በበጋ ሣሩ ደርቆ ስለሚቆም ብልጭታ ብቻ ይበቃዋል። መጥበሻውን ከአጥርና ከድርቆሽ አርቀው ያቁሙት፤ አንድ ባልዲ ውኃም ከአጠገብዎ አይለይ።


እትዬ ማጀት (ሰበታ)፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ

ልጄ፣ ስለ ከሰሉ የሚነግርህ ስላላየሁ እኔ ልናገር። በብዛት የሚገኘው የግራርና የባሕር ዛፍ ከሰል ነው። የግራሩ ከባድና ጠንካራ ነው፤ ሁለቱን ፍንካች ስታጋጫቸው እንደ ብረት ያቃጭላሉ። ለመያያዝ ይዘገያል፤ ከተያያዘ ግን ቆይታው ረጅም፣ አመዱም ጥቂት ነው። የባሕር ዛፉ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል፣ ብልጭታውም ይበዛል። ለቡና ማፍያ ይበቃል፤ ጎድን ለመጥበስ ግን መካከል ላይ ይከዳሃል።

ማዳበሪያውን ስትገዛ አፉ ላይ የተደረደረውን ትልልቁን ብቻ አይተህ አትስማማ። እጅህን በጎን አስገብተህ ከታች ያለውን ዳስሰው፤ ብዙ ጊዜ ግማሹ ድቃቂ ነው። በክረምት ደግሞ የራሰ ከሰል እንዳይሸጡልህ ክብደቱን መዝነው፤ የራሰ ከሰል ሲያያዝ ይንጣጣል፣ ፍንጥርጣሪውም ዓይን ያጠፋል። ቡናማ ሆኖ እንጨትነቱ ያልለቀቀውን ፍንካች ለይተህ አውጣው፤ ጢሱ የሚያስለቅስ እርሱ ነው። ቤት ስታደርሰውም ከመሬት ከፍ አድርገህ፣ ዝናብ በማይነካው ቦታ አስቀምጠው።

ማያያዙን በሚመለከት፣ በፌስታልና በነጭ ጋዝ የሚያያይዝ ሰው ሥጋው ለምን ፌስታል ፌስታል እንደሚል ሌላ ምክንያት ባይፈልግ ይሻለዋል። ከቁራሌው ላይ አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ግዛ፤ ታችና ላዩን አስቆርጠህ፣ ከሥር አንድ ጣት ከፍ ብሎ ሽቦ አስገብተህ አጣላልፍበት፤ ከሽቦው በታች ያለውን ጎኑን ዙሪያውን ብሳው። ከሽቦው በላይ ከሰል ሙላበት፤ ከሥሩ የተጨማደደ ጋዜጣ አድርገህ ለኩሰው። አየሩ ከታች ወደ ላይ እየተሳበ ያለ ማራገቢያ ያቀጣጥለዋል። የላይኛው ከሰል ጠርዙ ነጭ አመድ መልበስ ሲጀምርና በፍንካቹ መካከል ያለው ክፍተት ቀይ ሆኖ ሲታይ ገልብጠው። ጥቁር ከሰል እያለ ሥጋ አትጣልበት፤ ሥጋ ከተጣለ በኋላም አታራግብ፤ አመዱ ሁሉ ሥጋው ላይ ይቀመጣል።

ጢስ ጢስ የሚል ጣዕም የግድ ካማረህ ደግሞ ጋኑን የምናጥንበት ወይራ አለልህ። ደረቅ የወይራ ፍንጣሪ ፍሙ ላይ ጣል አድርገህ ክዳኑን ጥቂት ዝጋበት። አታብዛው እንጂ፣ ከበዛ ሥጋው ይመርራል።


ባለጓሮው (ለገጣፎ)፣ እሑድ ከሰዓት

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌሎቻችሁንም አመሰግናለሁ። የማድ ቤቱን ጥያቄ ግን ማንም አልመለሰልኝም። በሩንና መስኮቱን ከፍቼ፣ ከሰሉን ውጭ አያይዤ፣ ጢሱ ጨርሶ ካለቀ በኋላ ባስገባውስ?


ነርሷ (ኮዬ ፈጬ)፣ እሑድ ማታ

አያስገቡት። ይህንን በግልጽ ልጽፍ የወደድሁት «ጢሱ ካለቀ አደጋው አልቋል» የሚለው እምነት በየሰፈሩ ሥር የሰደደ በመሆኑ ነው። ዓይን የሚያቃጥለው ጢስና ሰው የሚገድለው ጋዝ የተለያዩ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የሚወጣውም ያለ ጭስ ከቀላው ፍም ነው። ወደ ውስጥ የምናስገባው ከሰል «ንጹሕ ሆኗል» ብለን የምናምነው ያው ፍም መሆኑን ያስተውሉ። ጋዙ በደማችን ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ በሆነ ኃይል ነው። እኛ ደግሞ በከፍታ ላይ የምንኖር በመሆናችን ከመነሻውም የምናገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ነው።

መጀመሪያ የሚሰማው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። ሰዉ ይህንን «ምች መታኝ» ብሎ ተሸፋፍኖ ይተኛል፤ ከሁሉ የከፋውም ይኸው ነው። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው ምች አይደለም፤ ሁሉንም ወዲያው ወደ ውጭ አየር አውጥቶ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ካለ ለማውጣት የሚገባውም ሰው አስቀድሞ በርና መስኮት ይክፈት።

በተለይ የምፈራው ከጥብሱ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው። ሥጋው ተበልቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ፣ ብርዱ ሲበረታ «ፍሙ ሳይባክን ቤት ያሙቅልን» ተብሎ ወደ መኝታ ክፍል የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በአንድ መስኮት የሚተነፍሰው የቆርቆሮ ማድ ቤትዎም ከክፍል አይሻልም። ለክረምት አራቱም ጎን ክፍት የሆነ፣ በአራት ቋሚ ላይ ያረፈ የቆርቆሮ ዳስ ቢያቆሙ ዝናቡንም ይከላከላሉ፤ አየሩም እንደልቡ ይመላለሳል። ኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከሰል ለሚያያይዙ ጎረቤቶቼም ያው ነው፤ የእነርሱ ጢስና ጋዝ በላይኛው ፎቅ መስኮት በኩል ይገባል።


ነገር አዋቂ (ቃሊቲ)፣ ሰኞ ጠዋት

ሁላችሁም ስለ ጣዕም ስትጽፉ አንድ ሰው እንኳ ከሰሉ ከየት እንደሚመጣ አላነሣም። በአፈር በተሸፈነ ባህላዊ ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ እንጨት ይጠፋል። ከሞጆ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ዳር የተደረደረውን ማዳበሪያ ያየ ሰው፣ የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ የግራር ደን የት እንደገባ አይጠይቅም። ባለጓሮው የጋዝ ዕቃ እያለው ጨርሶ ወደ ከሰል መዞሩ አይታየኝም። ጋዝ ሲዘጉት ይዘጋል፤ ከሰል ግን ሦስት ቁራጭ ሥጋ ጠብሰው ከጨረሱ በኋላም ለራሱ ሲነድ ያመሻል።


ፍም (አያት)፣ ሰኞ ጠዋት

ነገር አዋቂ ያሉት ስለ ደኑ ትክክል ነው፤ ስለ ብክነቱ ግን በከፊል ብቻ ነው። ለራሱ ሲነድ የሚያመሸው ክዳን የሌለው ፈርኔሎ ነው። በያጁ በገለጹት መጥበሻ ላይ ግን ጥብሱ እንዳለቀ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ቢዘጉ ፍሙ አየር አጥቶ ይጠፋል፤ የተረፈውን ከሰል አመዱን አራግፈው ለሚቀጥለው ጊዜ ከአዲሱ ጋር ይቀላቅሉታል። ከቡና ገለፈት የተጨመቀ ከሰል በአቅራቢያዎ ካገኙም ይሞክሩት፤ ሙቀቱ ከግራር ቢያንስም ዛፍ አይቆረጥበትም። ለዕለት ተዕለት ምግብ ጋዝ፣ ለእሑዱ ጎድን ከሰል ብለው ቢከፍሉት እኔም ከእርስዎ ጋር እስማማለሁ።


ባለጓሮው (ለገጣፎ)፣ ሰኞ ማምሻውን

የሰማሁት ሁሉ ለውሳኔ አብቅቶኛል፤ ግሪሉን አልሸጠውም፣ ለሥራ ቀን ይቆየኝ። ማድ ቤቱን ትቼ ከጓሮው ጥግ ዳስ አቆማለሁ። በያጁ ሆይ፣ አሁን የሚቀረኝ ልኩ ነው። እሑድ እሑድ ከስምንት ሰው አንበልጥም። ሙሉው በርሜል አይበዛብኝም?


በያጁ (ገላን)፣ ሰኞ ማታ

ይበዛብዎታል። በርሜሉ 88 ሴንቲሜትር ያህል ቁመትና 57 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት አለው። ሙሉውን ካሠሩ ለስምንት ሰው ሥጋ የሃያ ሰው ከሰል ያቃጥላሉ። ከቁመቱ 60 ሴንቲሜትሩን ብቻ አስቀርተው የተቆረጠውን ጎን በ2 ሚሊሜትር ላሜራ ያስዘጉት፤ ፍሙን በአንድ በኩል ሰብስቦ ሌላውን ባዶ ለመተው የሚበቃ ቦታ ይኖርዎታል። የከሰል ፍርግርጉ ለብቻው የሚነሣ ይሁን፤ ካልሆነ አመዱን ለማውጣት ሙሉ ዕቃውን መገልበጥ ሊኖርብዎ ነው። እግሩን ከቱቦላሬ፣ ከወገብዎ ትንሽ ዝቅ በሚል ልክ ያሠሩት። ውስጡን ማንም ቀለም እንዳይቀባብዎ፤ ከተቃጠለና ከታጠበ በኋላ የምግብ ዘይት በስሱ ቀብተው፣ ክዳኑን ዘግተው እንደገና ያግሉት፤ ዝገቱን የሚከላከለው እርሱ ነው።


እትዬ ማጀት (ሰበታ)፣ ሰኞ ማታ

አመዱን ስታወጣ በማግስቱ ይሁን፤ ላዩ በርዶ ውስጡ ረመጥ ይዞ ያድራልና ፕላስቲክ ቆሻሻ መያዣ ውስጥ አትጨምረው። ከበረደ በኋላ ጥቂት ጥቂቱን ጎመኑ መደብ ላይ በትነው።